በሁለት ስም የዋጥኩት ኪኒን

ሰውን የሚገዛው ጭንቅላቱ ነው የሚሉ ሰዎች ፉል በልተው አያውቁም! በልተው ከሆነም፣ በበሉበት ቀን ለጋብቻ ሽማግሌነት ተልከው አያውቁም። እኔ ሁለቱንም ባንድ ቀን አድርጌዋለሁ። ያውም ድሬዳዋ ላይ። ያውም በግንቦት። ያውም ፀሐይዋ አናት ላይ ጉብ ብላ "አንተ ደግሞ ወዴት ነህ?" በምትልበት ሰዓት!

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ አማርኛ አስተምር ነበር፤ በሰፈሬ ደግሞ በምላሴ የታወቅሁ ነበርኩ። ለቅሶ ቤት የሚያጽናና ሲፈለግ "ታደሰን ጥሩት" ይባላል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ "ታደሰን ጥሩት" ይባላል። ካልተጠራሁም አልቀርም፤ እግረ መንገዴን ነው ብዬ እገባለሁ።

የእህቴ ልጅ ብርሃኑ ግን በኔ አልወጣም። ብየዳ ሠራተኛ ነው። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ግን "እሺ" እና "ኧረ" ብቻ። ይኼ ልጅ ሰብለ የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። እስቲ ለመዋደዱ ይዋደዱ፤ ችግሩ አባቷ ናቸው። ሙሴ ዘለቀ! እኛ ዘንድ "ሙሴ" ሲባል ባሕር የከፈለው እንዳይመስላችሁ። ከፈረንሳዮቹ ጋር ባቡር ላይ የሠራ ሽማግሌ ሁሉ ለድሬ ሰው "ሙሴ" ነው። ሙሴ ዘለቀ ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ቁጣቸው ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው። ከኛ በፊት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባቸው ሁለቱንም መልሰዋል። የመጀመሪያዎቹን "ዘገያችሁ" ብለው፣ ሁለተኛዎቹን "ቀደማችሁ" ብለው! ሦስተኛ ከመጣና ሰዓት ካላከበረ ልጅቷን አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ እልካታለሁ አሉ ተብሎ ተወራ። ቀጠሯችን እሁድ ልክ ሰባት ሰዓት ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። ተናጋሪው እኔ። ሁለተኛው ሐጂ ዩሱፍ፣ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ ጎረቤቴ፤ ገበያተኛ አሳምነው አንዱን ቀሚስ ሁለት ጊዜ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ሃምሳ አለቃ ድንቁ፣ ሁርሶ ማሠልጠኛ ምልምል ሲያሠለጥን የኖረ ጓደኛዬ። ድንቁ ከትእዛዝ ሌላ ቋንቋ የለውም። ሚስቱን እንኳ "ሻይ አቅርቢ! ወደ ኋላ ዙሪ!" ነው የሚላት ይባላል።

የዚያን እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ። መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ሰው በስኳር ማደያ ቀን ስሙ ይጠፋል። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ለመመካከር ፉል ቤት ተገናኘን።

"ሐጂ፣ ንግግሩን በምን ልጀምር?"

"በቢስሚላህ ነዋ! አሁን ብላ።"

በላሁ። አንዱ ሳህን አለቀ፤ ምክሩ ግን አላለቀም። ሁለተኛ መጣ። በላዩ እንቁላል፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ ቃሪያ... ከዚያ ጥሙን ለማባረር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ገለበጥኩበት። እናንተ አንባቢዎቼ ይኼን ጊዜ "ኧረ ተው!" እያላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ያኔ የት ነበራችሁ?

ስብሰባው ተጀመረ። ተናጋሪው ስለ ምርት ማሳደግ መናገር ሲጀምር ሆዴም ውስጥ ሌላ ስብሰባ ተከፈተ። ልዩነቱ፣ በኛው ስብሰባ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያጨበጭባል፤ በሆዴ ስብሰባ ግን ሁሉም ሐሳብ ይሰጣል! አንዱ ከቀኝ ይነሳል፣ ሌላው ከግራ ይመልሳል፣ ቁርጠቱ መሐል ገብቶ ሥርዓት አስከብራለሁ ይላል። ቀበቶዬን በአንድ ቀዳዳ አላላሁ። ደግሞ በአንድ። በዚህ መሐል ለተሰዉት የኅሊና ጸሎት ተባለና ተነስተን ቆምን። አዳራሹ ጸጥ... ዝንብ እንኳ አይበርም... ያን ጊዜ ነው ሆዴ "ጉርርርር... ዋይይይ..." ብሎ መግለጫ የሰጠው።

የቀበሌው ሊቀመንበር አንዱን ዓይኑን ከፈተ። "ማነው?"

ሁላችንም ወደ ጣሪያ አየን። ለመፈክር ግራ እጅ ወደ ላይ ሲባልም፣ እኔ ግራ እጄን ያነሣሁት እስከ ጆሮዬ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ብዘረጋ ምን እንደሚከተል እኔና ፈጣሪ እናውቃለን!

አስቡት እንግዲህ። በዚህ ሆዴ ሙሴ ዘለቀ ፊት ቆሜ "ልጅዎን ለልጃችን" ስል አንድ ነገር ቢያመልጠኝ... ጋብቻው ቀርቶ እኔም አገር መቀየሬ ነው! ከከተማ ወጥቼ ዋሂል ገጠር ብሄድ እንኳ ወሬው ቀድሞኝ ይገባል።

ስብሰባው እንዳለቀ በሩጫ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ልጅ ረጋ ያለች ናት።

"ሆዴን!" አልኳት። "ቁርጠትም አለው፣ ነፍቶኛልም።"

"ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"የለም፣ የለም።"

"ሽንት ያስቸግርዎታል? የዓይን ግፊት ሕመም አለብዎ ተብለው ያውቃሉ?"

"እኔ ሆዴን ነው ያልኩሽ ልጄ! ዓይኔንና ሽንቴን ምን አመጣው?"

"ይኼ ቅይጥ መድኃኒት ነው፤ ቁርጠቱንም ያላላል፣ አየሩንም ይበትናል። አንድ ፍሬ ብቻ ይዋጡ። ቢያንስ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እንዳይደግሙ። ደግሞ ፀሐይ ላይ ብዙ..."

የቀረውን አልሰማሁም፤ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። በሩን እንዳለፍኩ ወረቀቱን ፈትቼ ሁለት ፍሬ ዋጥኩ። ለምን ሁለት አትሉኝም? ልጅቷ ሥራው ሁለት ነው ብላኛለቻ! አንዱ ለቁርጠቱ፣ አንዱ ለአየሩ። አማርኛ አስተማሪ ነኝ እንጂ የሒሳብ አይደለሁም።

ሐጂና ድንቁ ደጅ ከአንድ ዛፍ ሥር እየጠበቁኝ ነበር። ሐጂ ዩሱፍ ፊቴን አይተው ገባቸው።

"ሆድህን ነው? ምን ዋጥክ?"

አሳየኋቸው። በንቀት አዩት።

"አቦ ይኼ የመንግሥት ኪኒን ነው፤ ሆድህ ውስጥም ገብቶ ወረፋ ይጠብቃል! በል ይኼን ዋጥ።" ከሽርጣቸው እጥፋት ውስጥ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ካርቶን አወጡ። "የጅቡቲ ነው። ወላሂ ድንጋይ ያንሸራሽራል!"

ያኛው ነጭ፣ ይኼኛው ሮዝ። ያኛው ክብ፣ ይኼኛው ረዘም ያለ። ስማቸውም አይገናኝም። የተለያዩ ሁለት መድኃኒቶች መሆናቸውን በዚህ አረጋግጬ ከሮዙም ሁለት ዋጥኩ። ካርቶኑን ኪሴ ከተትኩና መንገድ ጀመርን።

እውነቱን ለመናገር የነሙሴ ዘለቀ ሰፈር ከዚራ ስንደርስ ሆዴ ጸጥ ብሏል። ስብሰባው ተበትኗል! ከደስታዬ ብዛት ሐጂን ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም። ጥቂት አፌ መድረቁን እንኳ ከነገር አልቆጠርኩትም። የሙሴ ዘለቀን በር ስናንኳኳ ልክ ሰባት ሰዓት ነበር። ብርሃኑ ሙሽራ ስለሆነ አይገባም፤ አዲሱን ኮቱን ለብሶ መንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር ተገትሮ ቀረ።

የሰብለ እናት እትዬ ዝናሽ ከፈቱልን። ከደማቅ ፀሐይ ወደ ጥላ ስገባ ዓይኔ ጭጋግ ሆነብኝ። ይጠራል ብዬ ብጠብቅ ባሰበት። ሳሎኑ መሐል የባቡር ባርኔጣ ያደረገ፣ ሰማያዊ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሙሴ ዘለቀ! ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁ።

"እንደምን ዋሉ ሙሴ! ጤናዎ እንዴት ነው?"

ዝም።

"ቤተሰብ ሰላም ነው?"

ዝም። ኩራቱ ገርሞኝ እጄን ዘረጋሁ። እጄን ስዘረጋ እጅጌው ባዶ ሆኖ ተወዘወዘ።

"ታደሰ!" አለ ድንቁ በጆሮዬ። "ኮት መስቀያ ነው!"

ከመስቀያው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ እውነተኛው ሙሴ ዘለቀ ብድግ አሉ። ጉድ ፈላ ብዬ ጠበቅሁ። ሽማግሌው ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ዝናሽ፣ አየሽ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለዚህ ልብስ ሰላምታ የሰጠ ሰው ይኼ የመጀመሪያው ነው!" አሉ። "አረፍ በሉ።"

ድንቁ ቀጥ ብሎ "ጉዳያችን ሳይፈጸም መቀመጥ የለም!" አለ። እንግዲህ ተራው የኔ ነው። ለሳምንት ያጠናሁት ንግግር አለ። "የተከበሩ ሙሴ ዘለቀ፣ ሰው በሰው ይከበራል..." ብሎ ይጀምርና እስከ አዳምና ሔዋን ይወርዳል። አፌን ከፈትኩ።

"ክህ" አልኩ።

ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተለጥፋለች! ምራቅ የሚባል ነገር የለም። ውጬ ላርስ ብል የምውጠው የለኝም።

"የተ... ክህ... ሙ..."

"ምን ይላል?" አሉ ሙሴ ዘለቀ።

"ው... ው..." አልኩ ወደ እንስራው እያመለከትኩ። ውሃ ማለቴ ነው። ሐጂ ዩሱፍ ክርናቸውን ጎኔ ውስጥ ሰኩት። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ የሰው ቤት ነገር አይቀምስም፤ ውሃ ከጠጣሁ ነገሩ ተበላሸ።

"አጎትየው ስሜት ይዞት ነው ሙሴ" አሉ ሐጂ በፈገግታ። "ልጁን በጣም ስለሚወደው ቃል ያጥረዋል።"

"ሲናገር አያቆምም ነበር የተባልኩት።"

ይኼን ጊዜ ሃምሳ አለቃ ድንቁ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። ተረከዙን ገጭ አደረገና፣

"ባጭሩ! ልጃችሁ ሰብለ ከዛሬ ጀምሮ ለልጃችን ለብርሃኑ እንድትተላለፍ!" ብሎ ጮኸ።

ሙሴ ዘለቀ ፊታቸው ጠቆረ። "ማዘዣ ይዛችሁ ነው የመጣችሁት?"

"አቦ አይደለም፣ አይደለም!" አሉ ሐጂ መሐል ገብተው። እኔም ለማስተባበል ስሞክር የወጣኝ "ክህ ክህ" ብቻ ነው። ልቤ ደግሞ እንደ ባቡር "ዱክ ዱክ ዱክ" ማለት ጀምሯል። ቤቱ በሙቀት ይፈላል፤ እንቅልፍም ሳቅም ባንድ ላይ ይመጣብኛል። የኮት መስቀያው መልሶ እጅ የነሣኝ መሰለኝና እኔም ደግሜ እጅ ነሣሁት።

"ይኼ ሰውዬ ይቀልድብኛል!" አሉ ሙሴ ዘለቀ። "ውጡልኝ!"

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን እትዬ ዝናሽ አላስወጡንም። ቀስ ብለው መጥተው ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ።

"ዘለቀ፣ ቆይ እስቲ። ይኼ ሰው አላላበውም።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። የሐጂ ሸሚዝ ሳይጨመቅ የተሰጣ ይመስላል። የድንቁ ካኪ ጀርባው ረጥቧል። ሙሴ ዘለቀ አንገታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነው። እኔ ብቻ ደርቄ፣ እንደ በርበሬ ቀልቼ ቆሜያለሁ። በግንቦት ድሬዳዋ ላይ የማያልበው ሰው ወይ ሞቷል ወይ ሊሞት ነው! እትዬ ዝናሽ ግንባሬን ነኩና እጃቸውን ቶሎ መለሱ።

"እሳት! ጋሽ ታደሰ፣ ምን ነክቶዎት ነው?"

ኪሴን ብቻ ነካካሁ። ድንቁ ኪሴን ፈትሾ የወረቀቱን ጥቅልና የጅቡቲውን ካርቶን አወጣ። ፈረንሳይኛውን ያየ ሁሉ ወደ ሙሴ ዘለቀ ዞረ። ሙሴ ዘለቀም ንዴታቸውን ረስተው መነጽራቸውን አደረጉ። ፈረንሳይኛ ያውቃሉ፤ የሚያውቁት ግን የባቡሩን ነው።

"አታንሲዮን! ተጠንቀቅ ማለት ነው፤ ሐዲድ ስታቋርጥ።" ወረድ አሉ። "ኔ ፓ ዴፓሴ... መቅደም ክልክል ነው!" አሁንም ወረድ አሉ። "ሶምኖላንስ... ይኼ ጣቢያ መሆን አለበት፤ በኔ መስመር ግን አልነበረም። ለሾፌር አደገኛ ነው ይላል፤ ኩርባ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ቡሽ... አፍ። ሴሽ... ደረቅ።" ቀና ብለው አፌን አዩ። "ደረቅ አፍ!" አሉ በድንጋጤ። "ይኼ ስለሱ ነው የተጻፈው!" ዴፓሴው "ከልኩ አትለፍ"፣ ሶምኖላንሱ "እንቅልፍ ያመጣል" ማለት እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው።

"ስንት ዋጥክ?" አለ ድንቁ።

ሁለት ጣት አወጣሁ። ተነፈሱ። ከዚያ በሌላው እጄ ሁለት ጣት ጨመርኩ።

"ያ ረቢ!" አሉ ሐጂ ዩሱፍ፤ ካርቶኑ የማን እንደሆነ ሊጠየቅ መሆኑ ገብቷቸው ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

ክሊኒኩ ያለው ከተማውን ለሁለት የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ነው። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት በዚያ ጊዜ እሁድ ቀን መኪና ከየት ይመጣል? ደግፈው ወደ መንገድ ሲያወጡኝ አንድ ጋሪ ነጂ ጥላ ሥር ተገኘ፤ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። "ዋሪያ፣ ፈረሱ አሁን ምርቃና ላይ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ኑ" አለና ፊቱን ሸፈነ።

ይኼን ጊዜ ብርሃኑ ከዛፉ ሥር እየሮጠ መጣ። አማቹ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ያገኛቸው ያኔ ነው። ሰላም አላላቸውም፤ አላያቸውምም።

"ጋሼ!" አለ። ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለኝ። አዲሱን ኮት ጭንቅላቴ ላይ አለበሰኝና መንገድ ጀመረ። ሙሴ ዘለቀ ጃንጥላ ይዘው ከኋላ፣ ሐጂ ከሳቸው ኋላ፣ ድንቁ "ቀኝ! ግራ! ቀኝ! ግራ!" እያለ ከፊት።

ድልድዩ ሩቅ ስለሆነ በደረቁ ደቻቱ አቋረጥን። ድሬዎች ታውቁታላችሁ፤ አሸዋው ላይ ቲማቲም የሚቸረችር አለ፣ ፍየል የሚያሳድር አለ፣ ልብስ ያሰጣች አለች። እኔ ተገልብጬ ስለተንጠለጠልኩ ሰማዩ ከታች፣ አሸዋው ከላይ ነው የሚታየኝ። አሸዋው ደግሞ በጭጋጋም ዓይኔ ውስጥ ይንቀሳቀሳል... ይፈሳል... ቡናማ ሆኖ ይመጣል! ሙሉ ቀን "ክህ" ሲል የዋለ ጉሮሮዬ በዚያች ሰዓት ተከፈተ።

"ጎርፍ መጣ!"

ሌላ አገር ቢሆን ሰው ሰማዩን አይቶ ይስቅብኛል። የደቻቱ ጎርፍ ግን ከደጋው ነው የሚመጣው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይጥል፣ ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቶ እያለ ሊመጣ ይችላል። ማን ያጣራል? ቲማቲሙ ተበተነ! ፍየሎቹ ባንድ ወገን፣ ባለፍየሉ በሌላ ወገን! አንዲት ሴት የሰው ሱሪ አፍሳ ዳገቱን ወጣች፤ ባለ ሱሪው ከኋላ! ሐጂ ዩሱፍ ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ከሁላችንም ቀድመው ማዶ ቆሙ። ድንቁ አሸዋው ላይ በደረቱ ተኛ፤ ለጎርፍ ተኝቶ ምን ሊሆን እንዳሰበ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። አልሮጥም ያለው ብርሃኑ ብቻ ነው።

"ልጄ ጣለውና ሩጥ!" ብለው ጮኹ ሙሴ ዘለቀ።

"ኧረ!" አለ ብርሃኑ። እርምጃውን ሳይቀይር ተሸክሞኝ ተሻገረ። ሙሴ ዘለቀም፣ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ከመሮጥ ይልቅ ጃንጥላውን እንደያዙ አጠገቡ ሄዱ።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበሉን ሲስተር ፈትያ ናቸው። አንድ ጊዜ ዓይኔን በባትሪ አዩ፣ አንድ ጊዜ ምላሴን አዩ፤ ከዚያ ሁለቱን ኪኒኖች ጎን ለጎን አስቀመጡ።

"ማን ነው ሁለት መድኃኒት ያላችሁ? አንድ መድኃኒት ነው! አንዱ ፋብሪካ ነጭ አድርጎ ይሠራዋል፣ አንዱ ሮዝ አድርጎ። ስሙንም እንደፈለጉ ያወጡለታል፤ ውስጡ ያው ነው። አራት እጥፍ ነው የዋጠው።"

"ለሆድ ነው የተባለው ሲስተር" አሉ ሐጂ ቀስ ብለው።

"ሆዱን ብቻ ለይቶ የት ያውቃል? አንጀትን የሚያላላው ያው መድኃኒት ምራቁንም ይዘጋል፣ ላቡንም ይዘጋል፣ ዓይኑንም ያደበዝዛል። ላብ ከሌለ በዚህ አገር ሙቀት ሰው እንደ ዳቦ ነው የሚበስለው! ቅጠል እንደ መቃም መሰላችሁ?"

እርጥብ አንሶላ አለበሱኝ፣ ማራገቢያ አዞሩብኝ፣ ክንዴ ላይ ግሉኮስ ሰቀሉ። ቀስ በቀስ አልጋው አልጋ፣ ግድግዳው ግድግዳ መሆን ጀመረ። ምላሴም ተላቀቀች። "ዳንኩ፣ ልሂድ" አልኩ።

"ሽንት ሸንተዋል?"

ዞር ብዬ አሰብኩ። ከጠዋት ጀምሮ... የለም። ይኼው አሁን ሳስበው ፊኛዬ ተወጥሯል፤ ግን ብሞክር፣ ምንም!

"እሱንም ዘግቶታል ማለት ነው" አሉ ሲስተር። "ሳይሸኑ ከዚህ አይወጡም። ትንሽ እንጠብቃለን፤ እምቢ ካለ በዚህ ነው የምናወጣው።" ከመሳቢያ አንድ ረጅም የላስቲክ ቱቦ አውጥተው አልጋዬ ግርጌ አስቀመጡ። የት እንደሚገባ አልጠየቅሁም፤ ስለገባኝ!

ወሬው ግቢውን ሞላው። እህቴ መጣች፣ እትዬ ዝናሽና የሰብለ አክስቶች ምግብ ይዘው መጡ፣ ሰብለም መጣች። ከመስኮቱ ሥር አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ የሚያወሩት ሁሉ ይሰማኛል። ሙሴ ዘለቀ ብርሃኑን ጠሩት።

"ያኔ ጎርፍ ሲባል ለምን አልሮጥክም?"

የአጎቱ ምላስ ቢኖረው ኖሮ ይኼኔ አንድ ሰዓት ይናገር ነበር።

"ብሮጥ አሸዋው ይጥለኝ ነበር፤ እሱም ይወድቅ ነበር" አለ ብርሃኑ።

"ጎርፉ እውነት ቢሆንስ?"

"እሺ... ያው አብረን ነዋ።"

ሙሴ ዘለቀ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። "እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ጭነት ሳመላልስ ነው የኖርኩት። ጭነቱን መንገድ ላይ የማይጥል ሰው ሳይ አውቀዋለሁ። ልጄን እሰጥሃለሁ።" ሰብለ አንድ ነገር ስትል ሰማሁ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። እህቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ሙሴ ዘለቀ እጃቸውን አነሡ። "ቆይ! ቃል የሚሰጠው ለሽማግሌ ነው። ጉዳዩን ያመጣው ሰውዬ ደህና ሆኖ፣ በእግሩ ቆሞ ካልሰማኝ ቃሌ ቃል አይደለም።"

እንግዲህ ነገሩን ተመልከቱት። የሁለት ልጆች ትዳር፣ የሁለት ቤተሰብ ዝምድና፣ ሁሉ ነገር... በኔ ሽንት ላይ ተንጠለጠለ!

ግቢው በሙሉ ሥራ ጀመረ። ሐጂ ዩሱፍ ጄሪካን አምጥተው ከመስኮቴ ሥር ውሃ ከፍ አድርገው ያንቆረቁራሉ። "ሽርርርር... ስማው ታደሰ፣ ስማው አቦ!" ድንቁ በሩ ላይ ቆሞ "ተዘጋጅ! ልቀቅ!" ይላል። ሙሴ ዘለቀ ባቡር ጣቢያ ላይ ውሃ ሲሞላ የሚያሰማውን ድምፅ በአፋቸው ያሰማሉ። በዚህ ሁሉ ጫጫታ እንኳን ሽንት ሐሳብም አይመጣም!

ሲስተር ፈትያ ሁሉንም አባረሩና አጠገቤ ተቀመጡ። "ዳግመኛ ኪኒን ሲገዙ የላዩን ስም ሳይሆን ውስጡ ያለውን ይጠይቁ" አሉኝ። "የሰው ካርቶን አይዋጡ። ቶሎ አልሠራም ብለው አይደራርቡ። ሆድ መንፋቱ እየተመላለሰ ካስቸገረዎ፣ ወይ ትኩሳት፣ ማስታወክ፣ ደም ከታየ፣ ኪኒን ፍለጋ ሳይሆን ወደኛ ይምጡ። ፉልም ቢሆን... አንድ ሳህን ይበቃል።"

"እሺ ሲስተር።"

"በሉ አሁን" ብለው ተነሡና የቱቦውን መጠቅለያ ቀደዱት።

የመድኃኒቱ ኃይል በራሱ ጊዜ ለቆ ይሁን፣ የመጠቅለያው ድምፅ አስደንግጦኝ ይሁን አላውቅም። ብቻ ከአልጋው ዘልዬ፣ ግሉኮሱን ከነመስቀያው እየጎተትኩ ሽንት ቤት ደረስኩ። የሆነው ሆነ። እንዲያ ያለ ደስታ በሕይወቴ አላየሁም!

ሲስተር ፈትያ በሩን ከፍተው ወደ ግቢው "ሸና!" አሉ።

ግቢው በእልልታ ተናጋ! እህቴ፣ እትዬ ዝናሽ፣ አክስቶቹ፣ ማን ቀረ! ሐጂ ድንቁን አቀፉት፤ ሙሴ ዘለቀ ገብተው በሁለት እጃቸው እጄን ይዘው "ሰጥቻለሁ" አሉኝ። እኔም በእግሬ ቆሜ ሰማኋቸው። እልልታው አሁንም አላበራም።

በመንገድ ታልፍ የነበረች አንዲት ሴት ከክሊኒኩ እልልታ ስትሰማ ቆም ብላ በአጥሩ አንገቷን አስገባች።

"እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት!" አለች። "ወንድ ነው ሴት?"

"ሽማግሌ ነው!" አሏት አክስቶቹ።